ስድስተኛዋ ጣት

ልያ ጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ ባለች ጠባብ ሱቅ በኮምፒውተር እየጻፈች መተዳደር ከጀመረች አሥር ዓመት አልፏታል። ማመልከቻም ይሁን ውል ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያመጡላትን ሁሉ አንድ ፊደል ሳታጓድል ትጽፋለች። አስተያየት መስጠት ልማዷ አይደለም።

በ1998 ክረምት ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሣህሉ በደብተር የጻፉትን ልብ ወለድ ይዘው መጡ። ታሪኩ ዓለም በእሳት ከጠፋች በኋላ የሚሆን ነው። ባለ ስድስት ጣት ሆነው የተወለዱ ሰዎች ቡና ጫካ ውስጥ ሰባት መንደር ቆርቁረው፣ ኅብረት ፈጥረው፣ ከተማውን ከያዙት ባለ አምስት ጣቶች ጋር ይዋጋሉ። መጨረሻ ላይ እርቅ ይወርዳል፤ ትርፍ ጣቱን ያስቆረጠ ሁሉ በእልልታ ከተማ ይገባል።

ልያ እዚህ ስትደርስ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«አለቀልሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ሣህሉ፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ሲገቡ።

«አላለቀም። እልልታውን አልጽፍም።»

«ምነው? ሰላም ወረደ እኮ!»

ቀኝ እጇን ዘርግታ ከትንሿ ጣቷ ጎን ያለውን ጠባሳ አሳየቻቸው። ትምህርት ቤት ልትገባ ሰሞን፣ ልጆች እንዳይስቁባት ብላ እናቷ ስድስተኛዋን ጣት በፈረስ ጭራ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ደርቃ እስክትወድቅ የጠበቀችበት ነው።

ጋሽ ሣህሉ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አሁንም ያምሻል?»

«አያመኝም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን የሌለችው ጣቴ ትበላኛለች፤ ልከካት ብል ከየት አመጣታለሁ?» አለች። «ጅማ ደግሞ፣ ጋሼ፣ መቼ ነው የማይዘንበው?»