ሹፌሩ ዛሬም አልመጣም

ታላቅ ወንድሜ በሞተ በአምስተኛው ቀን ላፕቶፑን ከፈትኩት። አስቤበት አይደለም። አልጋውን ስናነሳ ከትራሱ ሥር ወጣ፤ ክዳኑን ገለጥ ሳደርገው ካሜራው ፊቴን አይቶ ከፈተልኝ። በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣህ አለኝና ስም ጠራ። የኔን ሳይሆን የሱን። ትመሳሰላላችሁ ይሉን ነበር። ማሽኑም ተሳሳተ።

ውስጡ አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። እናታችን እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ደረቅ ቅጠል አዳልጧት ቁጭ ትላለች። ትሳደባለች። እሱ ይስቃል። እሱ አይታይም፤ የሚቀርጸው እሱ ነው። ሳቁ ብቻ ነው ያለው። ግማሹ ላይ አቆምኩት። አልቻልኩም።

ወዲያው አንዲት ሳጥን ብቅ አለች። ላፕቶፑን ላድሰው ወይ ትላለች። ከፊቴ እንድትሄድልኝ ብዬ እሺ አልኳት። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ እሺ ማለት። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሳ ካሜራው አልበራም። የሚስጥር ቁጥር ጠየቀኝ። ቁጥሩን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ነበር፤ ቀብረነዋል። ቪዲዮው የተቀረጸበትን ስልክ ገና ሳይታመም ታክሲ ውስጥ ጥሎታል። ሌላ ቦታ የለም።

ለእናቴ ነገርኳት።

«ሳቁ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«እንግዲያው አርባው ሳይደርስ አሰማኝ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልለመነችኝም። እህል ቅመሺ የሚሏትን ሁሉ እምቢ ስትል ነው የከረመችው፤ ይህንን ብቻ ነው የፈለገችው።

ላፕቶፑን ይዤ ጉርድ ሾላ ወረድኩ። የሚጠግነው ልጅ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና «ብሮ፣ ካሜራው ደህና ነው። ድራይቨሩ ነው የተበላሸው» አለኝ። ድራይቨር ካሜራውን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው፤ ያቺ እሺ ያልኳት ሳጥን ናት ያበላሸችው። «ካምፓኒው አዲስ እስኪለቅ ትጠብቃለህ። ወይ ፎርማት ላድርግልህ።»

«ፎርማት ከሆነ ውስጡ ያለውስ?»

«እሱማ ይጠፋል። ግን እንደ አዲስ ይሆንልሃል።»

እንደ አዲስ! ራሱን የሚያመውን ሰው አንገቱን ቁረጡለት እንደ ማለት ነው። ጉርድ ሾላ ላይ ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው ያለው። ዲስኩን አውጥተህ አታነበውም ወይ ብዬ ስጠይቀው እሱም ተቆልፏል አለ። ያገኘሁት አንድ ቁም ነገር ቢኖር ኢንተርኔት ካገኘ ሳይከፈትም አዲሱን ድራይቨር በራሱ ይጭናል ማለቱ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ድራይቨሩ እስኪመጣ መጠበቅ ነው አልኳት። ድራይቨር ማለት ሹፌር መሆኑን ታውቃለች።

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከውጭ አገር።»

«ሹፌር ሆኖ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስልኬን ከፍቼ ለላፕቶፑ ኢንተርኔት ስሰጠው ከኋላዬ ትመጣለች። «ሹፌሩ ዛሬም አልመጣም?»

ለካምፓኒው ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ግን ጻፍኩ። «ብስጭትዎን እንረዳለን» ብለው መለሱ። አልተበሳጨሁም፣ ሐዘን ላይ ነኝ አልኳቸው። ወንድሜ መሞቱንም ነገርኳቸው። በጣም እናዝናለን አሉ። ችግሩን እናውቀዋለን፣ ማስተካከያው በቅርቡ ይለቀቃል አሉ። ለተጨማሪ እርዳታ የላፕቶፑ ባለቤት ራሳቸው ያነጋግሩን አሉ።

ራሳቸው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቢያነጋግራቸው እኔም ደስ ይለኛል። ግን በቅድሚያ እኔን ያነጋግረኝ።

ሲጨርሱ ስላገለገሉኝ ኮከብ እንድሰጣቸው ጠየቁ። አንድ ሰጠኋቸው፤ ከአንድ በታች የለም። ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን አሉ። የእኛ ሰፈር ሰው ለቅሶ ሲደርስ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና ዝም ይላል። የሚለውን ስለማያውቅ ዝም ይላል። ይህን ያህል እንኳ አልተማሩም።

«በቅርቡ» ያሉት ሳምንት አለፈው። ሁለት ሳምንት አለፈው። ሥራ ፈትተው ግን አልተቀመጡም። ላፕቶፑ ሲበራ የሚታየውን ሥዕል ቀየሩት። ተራራ አደረጉት። የእንጦጦ ሥር ሰዎች ተራራ ቸግሮናል!

ወንድሜ በሞተ በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ሹፌሩ መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ ፈርምዌር የሚሉትን፣ የማሽኑን የውስጥ አንጎል የሚያድሰውንም ይዞ ነው የመጣው። እስኪያልቅ እንዳይጠፋ፣ ከጠፋ አይነሳም ብሎ ያስፈራራል። እንዲህ የሚል ሰው የካ ኖሮ አያውቅም። አሥራ ሁለት በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው አሮጌ ነው። እናቴ መቋሚያ እንደያዘ ሰው ቀጥ ብላ ቆማ ጸለየች፤ እኔ ቁጥሩን ቆጠርኩ። መቶ ደረሰ።

ካሜራው በራ። ፊቴን አቀረብኩ። «አላወቅንዎትም» አለ። ራቅ አልኩ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። አላወቅንዎትም። ያን ጊዜ ላፕቶፑን ግድግዳው ላይ ልወረውረው ነበር። አንድ ወር አስጠብቆኝ አላወቅኩህም?

እናቴ በትከሻዬ በኩል ብቅ ብላ ፊቴን አየችው።

«በምን ያውቅሃል? እሱ መች ጢም ነበረው?»

ለሐዘኑ ጢሜን አልተላጨሁም። እስከ አርባው አይነካም። ረስቼው ነበር።

«እማዬ፣ አርባው እኮ አልወጣም።»

«ሂድ ተላጭ።»

ተላጭቼ ስመለስ የእናቴ ታናሽ ወንድም ለድግሱ ሊያግዝ ከእንጦጦ በኩል ወርዶ ግቢ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ምነው አንተ፣ የወንድምህ አርባ ሳይወጣ ሠርግ ተጠራህ?»

«ተወው» አለችው እናቴ። «ሹፌሩ ነው ያዘዘው።»

ፊቴን አንድ ጊዜ አየችና ቶሎ ወደ መሬት አቀረቀረች። ካሜራው ግን አላቀረቀረም። እንኳን ደህና መጣህ አለኝ፣ በሱ ስም።

መጀመሪያ ወደ ስልኬ ቀዳሁት፤ ከዚህ በኋላ አላምናቸውም። ከዚያ ከፈትኩላት። ቅጠሉ ላይ ቁጭ ትላለች። «የተረገምክ፣ ከምትስቅ አታነሳኝም?» ትላለች። «ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ!» ይላታል። ይስቃል። ያን ቀን ያቆምኩት እዚህ ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ «ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ» ይላል፤ መሬቱ ይታያል፣ የሷ ጫማና የሱ ጫማ። አበቃ።

ሦስት ጊዜ አየችው። አጎቴም በሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ሰማ።

አራተኛው ላይ ያቺ ሳጥን ብቅ አለች። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ሳጥኗን ግን ለይታታለች።

«ምን ትላለች?»

«ሌላ ሹፌር መጥቷል። ልነሳ ወይ ይላል።»

አይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ወራጅ አለ በለው።»