በሰዓዳ ጥፍር ያሳበብሁት ቁስል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሟቹ ባሌ አልነገርሁም፣ ለእናቴም አልነገርሁም። እናንተ የምታነቡት ፍረዱብኝ፤ እኔ በራሴ ላይ ምን ብዬ እንደምፈርድ ጠፍቶብኛል።

የወንድሜ ሚስት ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጇን አንዋርን ስትወልድ ዘንዘልማ በምትባል መንደር አጥር ተጋርተን ነበር የምንኖረው። የልጁ ግራ ዓይን ሳያለቅስ ያነባል፤ ጠዋት ጠዋት በዓይናር ተጣብቆ ይነሣል። ሐኪም ቤት ወሰደችው። የእንባው መውረጃ ተደፍኖ ነው፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈትላቸዋል አሏት። እስከዚያው ጥፍርሽን ቆርጠሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ፣ ከዓይኑ ጥግ ወደ አፍንጫው ቁልቁል በጣትሽ እሺለት ብለው አሳዩዋት። እሷም ባጠባችው ቁጥር ታሸዋለች። እኔ ሳቅሁባት። ዓይን ታሞ አፍንጫ ማሸት የት አገር ነው?

በእኛ ቤት ዓይን ሲታመም ቅንድብ ይበጣል። እኔም በሕፃንነቴ ተበጥቻለሁ፣ ወንድሜም ተበጥቷል። መጥፎው ደም ሲወጣ ዓይን ይጠራል ተብለን ነው ያደግነው። ሰዓዳ ግን ይህን መስማት አትፈልግም ነበር። ታዲያ ሐኪሙን ንቄ ነው? ልጁን ወድጄ ነው? ወይስ አንዲት ትናንት የመጣች ልጅ ስለማትሰማኝ ተናድጄ?

አንድ ቀን ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ ልጁን ለእኔ ተወችልኝ። እኔ አቅፌ፣ መንደሩ ዳር ለሚበጡት አሮጊት ወሰድሁት። በምላጭ በጡት። ጩኸቱን ዛሬም ማስታወስ አልፈልግም። ደሙን በሻሼ ጠርጌ፣ አባብዬ፣ አስተኝቼ ቆየኋት።

ስትመለስ ቅንድቡን አይታ ደነገጠች። እኔም ዋሸሁ።

«ጧት ስታሺው ጣትሽ ሽቅብ አዳልጦሽ በጥፍርሽ ቧጭረሽው ነው እኮ፤ አሁን ሲያሻሸው ደማበት» አልኋት።

ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው። ጥፍሯ እስከ ሥጋው ተቆርጧል። ግን አመነችኝ። እንዴት ታምነኛለች? ታላቋ ስለሆንሁ ይሆናል፤ እናት ለራሷ ጥፋት ስትፈልግ አታጣምና ይሆናል።

ቁስሉ አመረቀዘ፣ ልጁን አተኮሰው። ወንድሜ ጎረቤት በተሰበሰበበት ጮኸባት፤ «ሐኪም ያስተማረሽ ልጄን መቧጨር ነው?» አላት። እኔ እዚያው ነበርሁ፣ ልጁም እቅፌ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። አልተናገርሁም።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሰዓዳ የልጁን ፊት መንካት ፈራች። «እትየ፣ አንችው እሺለት፤ የኔ እጅ አይታመንም» አለችኝ። ያስበጣሁት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፣ በዚያው እጄ አሸው ጀመር። ሳምንታት አለፉና ዓይኑ ማንባት አቆመ። ቤተሰቡ ሁሉ እጅሽ ይባረክ አለኝ። ምርቃቱን ተቀበልሁ።

ምኑ ነው ያሻለው? ምላጩ ነው? እሷ ወራቱን ሙሉ ያሸችው ነው? ወይስ ሐኪሙ እንዳለው ጊዜው ደርሶ በራሱ ተከፈተ? ምላጩ ካልሆነ ሕፃኑን በከንቱ አደማሁት። ምላጩ ከሆነስ ለምን ዋሸሁ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ ይመሻል፣ ይነጋል፤ ያው ነኝ። የሚገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዋሽቻለሁ፤ ያቺን ልጅ ገና ወልዳ ሳትጠነክር በገዛ እጇ እንድታፍር አድርጌያታለሁ።

አንዋር ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ ባጃጅ ይነዳል። እኔ ዘንድሮ ሐጅ ልሄድ ነው። የሰው ሐቅ ተይዞ አይሄድምና፣ ሐጅ የሚሄድ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። ሰዓዳ ቤት የገባሁት ሁሉንም ልነግራት ነበር፤ ወላሂ ልነግራት ነበር።

«ሰዓዳ፣ አውፍ በይኝ፤ ያኔ አንዋር ሕፃን ሳለ…» ስል እጄን ያዘችኝ።

«አውፍ ብያለሁ፣ እትየ። ምኑንም አትንገሪኝ። ይልቅ አንቺ አውፍ በይኝ፤ እኔ ባቆሰልሁት ልጅ አንቺ ስንቱን ተንገላታሽ» ብላ አለቀሰች።

አፌን ከፈትሁ። የወጣልኝ ግን «አውፍ ብያለሁ» የሚል ነው።

እኔ ለሠራሁት ጥፋት እሷን ይቅር ብዬ ከቤቷ ወጣሁ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም።