የውሮ ገብስ

የተነከረ ገብስ ሲጎነቁል የሚሸተውን ሽታ የጠላ ቤት ልጅ ይረሳዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። ዛሬም ወልድያ ገበያ ብቅል ሻጮቹ ጋ ስደርስ ያ ሽታ ይመጣና፣ መርሳ የነበረውን ቤታችንን፣ እማዬን፣ ታላቅ ወንድሜን ደሳለኝንና ድመታችንን ውሮን ጎትቶ ያመጣብኛል።

በዚያ ክረምት የሰፈሩ ድመት መርዝ የበላ አይጥ እየበላ ሲያልቅ፣ ውሮ ከቤት እንዳትወጣ ከለከልናት። ደሳለኝንም ከልክለነው ነበር። የአፈሳ ጊዜ ነው፤ ጎረምሳ ከየመንገዱ እየታፈሰ ለውትድርና ይጫን ስለነበር፣ እማዬ «ልጄ አሰብ ለሥራ ሄዷል» ብላ አስወርታ፣ በመንገድ በኩል ባለው ጓዳ ደብቃው ነበር። ለጠጪዎቿም «እሱ ከሄደ ወዲህ ያን ጓዳ ከፍቼው አላውቅ» ትላቸዋለች። መስኮቱን ንጋት ላይ ለአየር ገርበብ አድርጋ፣ ሰው ሳይነሳ ትዘጋው ነበር።

ድመት ሳር ካላገኘች የላሰችው ፀጉር ሆዷ ውስጥ ይቋጠርባታል። ውሮ ማቅለሽለሽ ስታበዛ ደሳለኝ ለብቅል ከተነከረው ገብስ አንድ እፍኝ አሰረቀኝ። የዘይት ቆርቆሮ ሥሩን በሚስማር በስቶ፣ አፈር ሞልቶ፣ ገብሱን በትኖ ስስ አፈር ካለበሰው በኋላ ውኃ በጣቱ ያርከፈክፍለት ነበር። «ካበዛሽበት ይሻግታል» ይለኛል። ጣት ሲያክል ውሮ ትግጠዋለች፤ የተረፈውን በእማዬ መቀስ እኩል ይከረክመዋል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ሲደክም ሌላ ይዘራል። ምን ሌላ ሥራ ነበረው? «ውሮና እኔ ሁለታችንም እስረኞች ነን፤ እሷስ ሳር አላት» እያለ ሲስቅ አንጀቴን ይበላው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ደጁ ሁሉ ሲለመልም የኛ ሳር በጨለማው ገረጣ፣ ውሮም አሽትታ ትታው ሄደች።

«ፀሐይ ነው ያጣው» አለ ደሳለኝ፤ «እንደኔ።»

አይ ልጅነት! ከዚያ ወዲያ እማዬ ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ እሱም ቀን ቀን ስለሚተኛ፣ መስኮቱን ከፍቼ ቆርቆሮውን ፀሐይ አስሞቀው ጀመር። ሳሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ውሮም በላች፣ እኔም ኮራሁ።

በጥቅምት አንድ ቀን አያሌው የሚባለው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ፣ ከእማዬ ጠላ የማይጠፋው፣ መስኮቱ ሥር ቆመ። ደጅ እጫወት ነበር። ሳሩን በመዳፉ ዳበሰና «የማን ነው ይኼ?» አለኝ።

«የውሮ ነው።»

«ጎሽ የኔ ልጅ! እንዲህ አስተካክሎ የሚከረክምልሽስ ማነው?»

አፌ ዝም አለ። ዓይኔ ግን፣ ምነው በጠፋ ኖሮ፣ በመስኮቱ አልፎ ወንድሜ ወደተኛበት ሄደ። አያሌው «አይዞሽ» ብሎኝ ራሴን ዳብሶኝ ሄደ። ማታ ሳይሆን፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ሦስት ሆነው መጡ።

ደሳለኝ ጫማውን እያሰረ «ሳሩን እንዳታደርቂው» አለኝ። አልተመለሰም፤ ሞተም ኖረም ያለን የለም። ሳሩ በኅዳር ደረቀ፤ እጄ እሱን ለማጠጣት እንቢ አለኝ።

እማዬ ደረቷን እየደቃች «እኔው ነኝ! ንጋት ላይ ከፍቼ ሳልዘጋው ረስቼ ልጄን አስበላሁት» ትል ነበር። ለጎረቤቱም፣ ለነፍስ አባቷም ይኸንኑ ትናገር ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አንድም ቀን «አንቺ አይደለሽም» አላልኳትም። መጀመሪያ ዱላ ፈራሁ፣ ኋላ ደግሞ ዓይኗን ፈራሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ዛሬ ወልድያ ባለው ቤቴ ለድመቴ ገብስ እዘራለሁ፤ ጎረቤቶቼ «ሰው የሚበላውን ለድመት!» ብለው ይስቁብኛል። መስኮቴ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ሳሩ ፀሐይ ጠግቦ ይውላል፣ የማን ነው ብሎ የሚጠይቀኝም የለም። መቀስ ግን አላስነካውም። እማዬ ካረፈች ቆየች፤ የኔን ጥፋት የራሷ መስሏት፣ እሱኑ ተናዝዛ ሄደች።