እስከ ገንዳው መሃል

ትናንት ሚኒባሳችን የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ሲሻገር የፍሳሽ ሽታ ገባና አባቴን አስታወሰኝ።

አባቴ የፍሳሽ ማጣሪያ ዘበኛ ነበር። አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ጠዋት ቁርስ ይዤለት ስሄድ ትልቁ ገንዳ ዳር ቆሞ አገኘሁት። የገንዳው ዝቃጭ ላዩ በፀሐይ ደርቆ መሬት ይመስላል። የባዶ እግር ዱካ እስከ መሃሉ ሄዶ ይቆማል፤ የመመለሻ ዱካ የለም።

«አባዬ፣ ሰውየው የት ሄደ?»

«ወደ የመን ለመሻገር እዚህ ከሚመጡት የአገራችን ልጆች አንዱ ይሆናል። ደረቅ መሬት መስሎት ነው።»

ከዚያ ወደ ገንዳው ጮኸ፦ «ወንድሜ! የማን ልጅ ነህ?»

አንድ አረፋ ወጥቶ ፈነዳ። አባቴ እጄን ጨበጠኝ።

«ሰማሽ?»

እኔ ምንም አልሰማሁም። ሠራተኞቹም በረጅም እንጨት ቢፈልጉ ያገኙት ነገር አልነበረም። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ «ስሙን ነግሮኛል» ይል ነበር። ማን እንደሆነ ስጠይቀው ተነስቶ ወደ ገንዳው ይሄድ ነበር።