የሰይድ አደራ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ነገ ንጋት ላይ ኮረብታውን እንይዛለን» ተባልን። ድርቁ በሬዎቻችንን ጨርሶ፣ አብዮቱ መሬት ሰጥቶን፣ ገና አንድ መኸር ሳንሰበስብ ለዘመቻ የተጠራን የወሎ ገበሬዎች ነን። አሥር ወታደር ባለው ጓድ ውስጥ እኔ ከመካነ ሰላም፣ ሰይድ ከከላላ ነበርን። ስምንት ወር በአንድ ምሽግ ኖረናል። ዓርብ ዓርብ የቆርቆሮ ሥጋ ሲታደል ሁለታችንም አንነካውም፤ እኔ በጾሜ፣ እሱ በሃይማኖቱ። ሌሎቹ «እናንተ ሁለታችሁ ባትኖሩ እንራብ ነበር» እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ መትረየስ ያዘን። ተኛን። ሰይድ ሆዱን ተመታ። ጎትቼ ከድንጋይ ጀርባ አስገባሁት። ክንዴን ጨምድዶ «አደራህን፣ የምልህን ለእናቴ ንገርልኝ፤ ማልልኝ» አለ። «በማርያም» ብዬ ማልሁ። ከዚያ ኑዛዜውን ነገረኝ፤ ረጅም አልነበረም። ወዲያው ሞርታር አጠገባችን ወደቀ።

ስነቃ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ሰይድ ሞቷል። ጆሮዬ ይጮኻል፤ ያስመልሰኛል። ቁስለኛ የሚያነሣው ወታደር አገላብጦ አየኝና «ደም የለብህም፤ ደህና ነህ፣ ተነሥ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃ ቆምሁ። ደም ያልፈሰሰውን ሰው ማን ቁስለኛ ይለዋል? መሐላዬን አስታውሳለሁ። የሰይድ ከንፈር ሲንቀሳቀስም አያለሁ። ቃሉ ግን የለም።

ዘመቻው ሲያበቃ አገሬ ገባሁ። ራስ ምታቱ አብሮኝ ገባ። የቀን ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፤ የጀመርሁትን ወሬ እረሳለሁ። ሚስቴ እህል ስታበጥር ድምፁ አናዶኝ ሰፌዱን ቀምቼ ሜዳ ላይ በተንሁት፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ እህሉን እየለቀምሁ አለቀስሁ። ጠበል ወሰዱኝ፤ የመንደሩ ሼክም ዱዓ አደረጉልኝ። ሚስቴ ለእህቷ «ያገባሁት ሰው አልተመለሰም» ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነው።

የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ መርዶው ቀድሞ ደርሷቸው ነበር። ከከላላ በበቅሎ መጡና «ልጄ ሲሞት ምን አለ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ነግሮኝ ነበር፤ ጭንቅላቴ ተመትቶ ጠፋብኝ።»

«ኢንሻ አላህ ይመጣልሃል» አሉ። ደግመው መጡ። ሠለሱ። በአራተኛው ጊዜ ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበርና «አልመጣልኝም አልሁ እኮ። ለምን አይተዉኝም?» ብዬ ጮህሁባቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሮጬ በሩ ላይ ያዝኋቸውና ዋሸሁ።

«መጣልኝ፣ እማማ። ‹እናቴ አፉ ትበለኝ› ነው ያለው።»

ሟች ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይህ ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር። እማማ ዘሀራ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ለካ እሱ ነው የበላው» አሉ።

በድርቁ ጊዜ ለታመመች ትንሽ ልጃቸው ለፋጡማ አንድ እፍኝ በሶ ደብቀው ነበር። በሶው ጠፋ፤ ፋጡማ በሦስተኛው ቀን ሞተች። «ሰይድን ጠየቅሁት፤ ‹አላየሁም እማ› አለኝ። አመንሁት፤ ልጄ አይደል?» አሉኝ። ከደጃፉ ተነሥተው «አፉ ብዬዋለሁ። አላህም አፉ ይበለው» አሉና በበቅሏቸው ሄዱ። ዳግም አልመጡም።

እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ፈርቼ ብቻ አይደለም። ያን ውሸት ከተናገርሁ ወዲህ ሰይድ ከድንጋዩ ጀርባ ያንኑ ቃል ሲለኝ ይሰማኛል። ትዝታ ይሁን የራሴ ፈጠራ መለየት አቃተኝ። እንዲህ እያመነታሁ ሳለ እማማ ዘሀራ ሞቱ።

በዚያ ጠዋት ከአሥራችን ሰባት ሞትን። «ሞትን» ያልሁት ተሳስቼ አይደለም፤ የተረፍነውም ሙሉ ሰው ሆነን አልወረድንም። ስድስቱን እናቶቻቸው እንደሚያውቋቸው ሆነው ተለቀሰላቸው። ሰይድን ግን እናቱ የእህቱን በሶ የበላ ልጅ አድርገው ይቅር ብለውት ሞቱ። በልቶ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እኔን አፉ የሚሉኝ ደግሞ ሁለቱም የሉም።