ኮንሶሉ እስኪረክስ

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እዚህ ኦስሎ የከተማው ባቡር፣ የቴባነ፣ ጣቢያ ቆሜ እንኳ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ደቂቃ እያየሁ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ እመላለሳለሁ፤ የሚያየኝ ሰው ባቡር ያመለጠኝ ይመስለዋል። እንግዲህ ለእንደኔ ዓይነቷ፣ የአንድ ጌም ኮንሶል ዋጋ እስኪወርድ ድረስ ከመስከረም እስከ የካቲት መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አባቴን መስከረም ላይ ስትሮክ መታው። ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ ተመልሶለት ነበር፤ አንደበቱም እንደ ድሮው ነው፣ እንዲያውም ብሶበታል። ያልተመለሰው ግራ እጁ ነው። ጣቶቹ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ እንጂ አይጨብጡም። በማገገሚያው ክፍል የእጅ ሥልጠና የምትሰጠው ባለሙያ፣ ኤርጎተራፖይቷ፣ አንድ ጌም አስሞክራው ነበር። እጀታውን መዳፉ ላይ በማሰሪያ ታስርለታለች፤ ክንዱን ሲያወዛውዝ ስክሪኑ ላይ ኳስ ይንከባለላል፣ ሲጨብጥ ኳሱ ይቆማል። «ቤታችሁ ቢኖር ጥሩ ነው» አለችን። «የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው ዋናዎቹ።» ይህቺ ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ናት ዕረፍት የነሳችኝ።

ጌሙ የሚሠራበት ኮንሶል ገበያ ላይ የወደቀ ነበር። እኔም ጌም ወዳድ ስለሆንኩ ለምን እንደወደቀ ይገባኛል። እኛ ሶፋ ላይ ተጋድመን አውራ ጣታችንን ብቻ ማንቀሳቀስ ነው የምንወደው፤ ተነስተህ ክንድህን አወዛውዝ የሚል ማሽን ማን ይገዛል? ያገለገለ ልፈልግ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ያልተሸጠ ዕቃ ያገለገለው ከየት ይመጣል?

በማግሥቱ ልገዛው ወስኜ ሃውገሩድ ሰፈር ወላጆቼ ቤት ሄድኩና ነገርኩት። አባቴ ዋጋውን ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቀ።

«ማንም አይገዛውም አላልሽም?»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል? ይወርዳል።»

«አባዬ፣ ጊዜው አሁን ነው ብለውናል እኮ።»

«በዚህ ዋጋ ካመጣሽው እጄን አላስነካውም» አለ። አባቴ እንዲህ ካለ አለ ነው።

ወጣት ሳለ መርካቶ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ኦስሎ ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ አውቶቡስ ነድቷል፤ ልቡ ግን ከዚያ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም። የእሱ አገዛዝ እንዲህ ነው፤ ዕቃውን ታነሳለህ፣ ታገላብጣለህ፣ ዋጋ ትጠይቃለህ፣ ከዚያ እንደማይረባ ነገር አስቀምጠኸው ቀስ ብለህ ትሄዳለህ። ነጋዴው ከኋላህ ይጠራሃል። ልጅ ሳለሁ ይህን እዚህ አገር ጫማ ቤት ውስጥ ሲያደርገው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጫማውን ያስቀምጥና ወደ በሩ ያዘግማል፣ እኔ በሐፍረት አንገቴን ደፍቼ እከተለዋለሁ። አንድም ሻጭ ጠርቶት አያውቅም። «መልካም ቀን» ይሉታል፣ ያውም ከልባቸው። እሱ ግን አልተሸነፈም። «እዚህ አገር ነጋዴ ቶሎ አይጠራም» ይለናል። «ወራት ይፈጅበታል እንጂ ይጠራል። ቲልቡድ፣ ቅናሽ፣ የሚሉት እሱን ነው።»

ክፋቱ፣ በዚህ ጉዳይ እኔም ከእሱ ጋር መስማማቴ ነበር። ሥራዬ ግምት ነው፤ አንድ ኢንሹራንስ ውስጥ ተቀምጬ ከቁጥር ተነስቼ ነገ ምን ሊደርስ እንደሚችል አሰላለሁ። የማይሸጥ ኮንሶል ዋጋው እንደሚወርድ ለማወቅ ደግሞ ስሌትም አያስፈልግም። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ብቻ ነበር። የኅዳሩ ትልቅ ቅናሽ ላይ ይወርዳል ብዬ ገመትኩ፤ ለጓደኞቼም በቴሌግራም አወጅኩ። ከዚያ በኋላ ስሜ ቀርቶ ነቢይቷ ተባልኩ።

ኅዳር ላይ በኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ያለው ዕቃ ሁሉ ሲረክስ የእኛው ኮንሶል ዋጋው ንቅንቅ አላለም። ሁለት ጌም በነፃ ጨመሩበት፣ በቃ። ተናድጄ ለአባቴ ስነግረው ፊቱ በራ።

«ምራቂ ጀመሩ?»

«ጌም ነው የጨመሩት፣ አባዬ።»

«ምራቂ ነዋ። ገዢው ሳይለምነው ምራቂ የሚሰጥ ነጋዴ ጨንቆታል። ትንሽ ነው የቀረው፤ ጠብቂ።»

እናቴ ከኩሽና፣ «ግዙና ገላግሉኝ» አለች። የሰማት የለም።

ቀጥሎ ከገና በኋላ ብዬ ገመትኩ። ስብሰባ ላይ ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ይዤ ዋጋውን አያለሁ፤ ጥርሴን እየቦረሽኩ አያለሁ። ከሥራ ስመለስ ያለ ጣቢያዬ ወርጄ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያውን አያለሁ። መጀመሪያ በዓይን ትይዩ ነበር፤ ከዚያ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ወረደ፤ ከዚያ ከቡና ማፍያዎቹ አጠገብ አገኘሁት። በየጊዜው ይኸው መጣ እላለሁ፣ አይመጣም። ገና አለፈ። ዋጋው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የአባቴም እጅ እንደዚያው። ባለሙያዋ የሰጠችው የስፖንጅ ኳስ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። «ዛሬ ሠራህ?» ስለው «ቅድም» ይላል። እናቴን ከጀርባው አያታለሁ፤ ራሷን ትነቀንቃለች። የኔ ግምት በከሸፈ ቁጥር ከነዚያ ዋና ከተባሉት ወራት አንዱ እየሄደ እንደሆነ አውቅ ነበር። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ገዝቼ ላምጣውና ወርዶ ነው ብዬ ልዋሸው አልኳት እናቴን። «ደረሰኙን ሳያይ ያምናል ብለሽ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደረሰኝ ሳያይ ዳቦ እንኳ አይበላም።

የካቲት ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ ወረደ። ያውም እኔ ከገመትኩት በላይ። ምሳዬን እንደከፈትኩት ትቼ ተነሳሁ፤ ለአለቃዬ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኳት፣ አልዋሸሁም። ሃውገሩድ ስደርስ አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ጠሩህ» አልኩት። «ተነስ።»

ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዋጋውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝና «እንዲህ ከወረደማ ገና ይወርዳል» አለ።

«አይ፣ አባዬ። ዛሬ እንሄዳለን።» ጃኬቱን አምጥቼ ራሴ አለበስኩት።

ሱቁ ውስጥ ኮንሶሉ ጥግ ላይ ተቆልሏል፤ አንድ እጀታ ለማሳያ ተቀምጧል። አባቴ በቀኝ እጁ አነሳው፣ አገላበጠው፣ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አደረገው። ከዚያ ሻጩን በኖርዌይኛው፣ ከዚህም ይወርዳል ወይ ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሐቀኛ ነበር። «ሊወርድ ይችላል፤ ግን መሠራቱ ሊቆም ነው ይባላል፣ የቀረውም ይኸው ነው» አለው። አባቴ አመሰገነው። እጀታውን ወደ ቦታው መለሰና ወደ በሩ ያዘግም ጀመር።

ያንን አካሄድ አውቀዋለሁ። ሻጩ «መልካም ቀን» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከኮንሶሉም፣ ከሱቁም፣ ከመርካቶም ጋር ተጣላሁ። ደርሼበት እስከ ጣቢያው አብረን ሄድን። መድረኩ ላይ ግን ያን ሁሉ ወር ያፈንኩት ወጣ።

«ወረደልህ እኮ። ምን ቀረህ? ዋጋው ዜሮ ቢሆን ትወስደው ነበር?»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ ኪሱ ውስጥ አስገባው፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ፊቱ እመላለሳለሁ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አለኝ። «ስትንቆራጠጪ መናገር ያቅተኛል።»

ተቀመጥኩ።

«አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ኮንሶሉ ሲመጣ እጄ ይድናል እላለሁ። እናትሽም እንደዚያ ትላለች። ገዝተን እቤት ካስገባነው በኋላ እጄ እምቢ ካለስ? ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ?»

ለካ የያዘው ፍርሃት ነው። እኔ የዋጋ ምልክት ስለቅም፣ ሰውየው አጠገቤ እየፈራ ነበር። ምንም አይደለም ትድናለህ ልለው ፈለግኩ፤ ግን ግምት ሥራዬ ነው፣ ይህን ደግሞ አላውቀውም ነበር። ስለዚህ ያለኝን እውነት ነገርኩት።

«እኔም እፈራለሁ» አልኩት። «ስፖንጁን ሳትነካው ስትውል ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ።»

ባቡሩ መጣ፤ በሮቹ ተከፈቱ፤ አልተነሳንም። ሲሄድ አባቴ ሐዲዱን አየ፣ መሬቱን አየ፣ እኔን ግን አላየኝም። ተነሳሁና፣ «እዚሁ ጠብቀኝ፣ ገዝቼው እመጣለሁ» አልኩት። እምቢ ይላል ብዬ አፉን እያየሁ ቆምኩ።

«ሳጥኑ ትልቅ ነው» አለ። «ብቻሽን አትችይውም።»

ሳጥኑን እኔ በብብቴ ይዤው መሮጥ እችል ነበር። አልነገርኩትም። ሱቁ ገብተን ከፈልን፤ ደረሰኙን በቀኝ እጁ አስተካክሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሲወጣ አንዱን ጎን በቀኝ እጁ ጨበጠ፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ፤ በበረዶው ላይ በእሱ እርምጃ፣ ቀስ እያልን ሄድን። ግራ እጁን ከኪሱ አላወጣውም።