የነፊሳ «አይሆንም»

ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለወንድሜ አልነገርሁም፣ ለመስጊዳችን ኢማም አልነገርሁም፣ ለባለቤቴ ለነፊሳማ ጭራሽ። ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሆድ ይፍጀው ብየ ዝም አልሁ፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም፣ እሱ ነው ሆዴን የፈጀው። ጎረቤቴ ጋሽ አየልኝ ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ሲከብዳቸው ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ቀለል ብሏቸው ይመለሳሉ። ቀንቸባቸው አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ የሰው ሐቅ ያለበት ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ የበደለውን ሰው ራሱን ፊት ለፊት አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ማለት። እኔ ለዚያ ወንድ አልሆንሁም። ስለዚህ የማታውቁኝን እናንተን ያዝሁ።

እንጀራየ ምላሴ ነው። መተማ ዮሐንስ ድንበሩ ላይ የሱዳን ነጋዴና የእኛ ሰሊጥ ሻጭ ሲገናኙ መሀል የምቆመው እኔ ነኝ። ዓረብኛውን ከማዶ ከጋላባት ሰዎች፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤትና ሰሊጥ ሊገዙ ከሚመጡ ፈረንጆች ለቀምሁት። ሱዳኖቹ «ትርጁማን» ይሉኛል። የእኛ ሰው ደግሞ «ኑሬ ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም» ይላል። ይህን ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። ምን ላድርግ፣ ገበያ መሀል ላልቅስ?

የሱዳኑ ጦርነት ሳይነሳ፣ ንግዱም እንዲህ ሳይሞት፣ አንድ የውጭ ሰሊጥ ገዥ በሥራየ ተደስቶ ከባለቤቴ ጋር ዛንዚባር ደሴት አንድ ሳምንት ጋበዘኝ። ነፊሳ ከጎንደር ወዲያ ሄዳ አታውቅም ነበር። ባሕሩን ስታይ በመዳፏ ጨልፋ ቀመሰችና «ኧረ ኑሬ፣ ይኸ ሁሉ ውሃ ጨው ነው? በእኛ ቆላ ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው እኮ» ብላ ሳቀች። ሦስት ቀን ሙሉ ሳቀች። ጫማዋን በእጇ ይዛ አሸዋው ላይ ስትሄድ ያገባኋት ሰሞን ያየኋትን ልጅ መሰለችኝ። ያችን ነፊሳ ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም።

በአራተኛው ቀን ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚያዘልሉ ሰዎች አገኘሁ። ያልሠለጠነ ሰው ብቻውን አይዘልም፤ ከሠለጠነ ሰው ጋር ደረትና ጀርባ ተጣብቀው፣ በቀበቶ ተጠፍንገው፣ በአንድ ፓራሹት ይወርዳሉ። ለነፊሳ ግን «ሁለት ሁለት ሆነው ታጥቀው ነው የሚዘሉት» ብቻ ነበር ያልኋት። «አንተ ካለህ ምን እፈራለሁ» አለች። እኔና እሷ የምንታጠቅ መስሏታል። እንደመሰላት አውቄያለሁ። አውቄ ዝም አልሁ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰፊ ሱሪ ለብሳ፣ ሻሿን አንገቷ ላይ አጥብቃ አስራ ነበር። አዝላዩ ቀበቶውን ይዞ ሲመጣ ወደ ኋላ ሸሸችና «ማነው እሱ? አንተ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ከሌላ ሰው ጋር እንደምትታጠቅ ነገርኋት። ነፊሳ አትጮህም፤ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ቀስ ብላ ግን ቁርጥ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «እንግዲያው አይሆንም። ባዕድ ወንድ ጀርባየ ላይ አይታሰርም። ሴት ካለቻቸው ከሴት ጋር እዘላለሁ። ከሌለቻቸው አንተ ዝለል፣ እኔ እዚሁ ቁጭ ብየ አይሃለሁ። ንገረው።»

ይኸው ነው ያለችው። ምን ከባድ ቃል አለበት? እንኳን ትርጁማኑ ኑረዲን፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይተረጉመዋል።

ሰውየው ፊቷን አይቶ እጁን ከቀበቶው ላይ አነሳ። ረጅም፣ አፍንጫውን ፀሐይ የላጠው፣ ትሑት ሰው ነበር። «ምን አለች? ካልፈለገች እኮ ምንም ችግር የለም» አለኝ በእንግሊዝኛ። ሴት አዝላይ ነበረቻቸው። ስንመዘገብ በጆሮየ ሰምቻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነው የምትገባው ብለዋል። ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነበር የሚያስፈልገው።

እኔም «ዝግጁ ነኝ ነው የምትለው፣ ትንሽ ፈርታ ነው» አልሁት። ወደ እሷ ዞሬ ደግሞ «ነግሬዋለሁ፤ ሴቲቱ አውሮፕላኑ ውስጥ ናት፣ እሱ ቀበቶውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው» አልኋት። ሁለቱንም ዋሸሁ፣ ለእያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን ለመመለስ ጊዜ ነበረኝ። ወደ አውሮፕላኑ እስክንደርስ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄደናል፤ በየእርምጃው መመለስ እችል ነበር።

ለምን አደረግሁት? ከአጠገባችን ተራቸውን የሚጠብቁ ወጣት ፈረንጆች ነበሩ፤ እየሳቁ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሚስቴ ወንድ እንዲነካት አትፈልግም ብየ በእንግሊዝኛ መናገር አፈርሁ። ኋላ ቀር እንዳይሉኝ። ስሜን የማያውቁ፣ ዳግም የማላያቸው ሰዎች እንዳይስቁብኝ ብየ ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት ሸጥኋት። ደግሞም ስንዘል የሚቀርጹልን ቪዲዮ አማረኝ። ወደምንኖርበት ወደ ገንዳ ውሃ ተመልሸ፣ ሰው ሰብስቤ፣ እዩ ኑሬንና ሚስቱን ሰማይ ላይ ልል። «አንዴ ከወጣች ትወደዋለች፣ ኋላ ታመሰግነኛለች» ብየም አስቤ ነበር። ከሰበቦቼ ሁሉ ይህ ይበልጥ ያስጠላኛል፣ ደግነት ስለሚመስል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ ነፊሳ ሴቲቱን በዓይኗ ፈለገች። አንድ በአንድ ሁሉንም አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ በመስኮቱ ባሕሩን ማየት ጀመርሁ። ላይ ስንደርስ ሰውየው ከኋላዋ ተጠግቶ መንጠቆዎቹን ማሰር ሲጀምር «አይሆንም! ኑሬ፣ አይሆንም በለው!» አለች። የሞተሩ ጩኸት ነው እንጂ የሰማሁት እሷን አይደለም ብል ውሸት ነው። ሰምቻለሁ። ሰውየውም ሰማ፤ ቃሉን ባያውቀው ድምፁ ገብቶታል። እጁን አቆመና እኔን አየኝ፤ በዓይኑ ጠየቀኝ። አውራ ጣቴን ቀና አድርጌ አሳየሁት። ይችን ጣት እስከ ዛሬ ይዣት እዞራለሁ፤ እበላባታለሁ፣ ከሶላት በፊት ታጥቤ ውዱእ አደርግባታለሁ። እሱም እኔን አምኖ ወደ በሩ ወሰዳት። ስትወድቅ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ቀጥሎ እኔ ከሌላ አዝላይ ጋር ዘለልሁ። አሁን ለራሴ እንኳ ተናግሬው የማላውቀውን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። መጀመሪያ ነፋሱ አፌን ሞላው፣ ጉንጬ ተርገበገበ። ከዚያ ፓራሹቱ ሲከፈት ሁሉ ነገር ጭጭ አለ። ከታች ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ጀልባዎቹ የሰሊጥ ፍሬ ያህላሉ። ሳቅሁ። ጮህሁ። ሚስቴ እኔው ባመጣሁት ባዕድ ሰው ደረት ላይ ተጠፍንጋ እየወረደች፣ እኔ ያን ጊዜ ሙሉ አንድም ጊዜ አላሰብኋትም።

ሳርፍ ሜዳው ጥግ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻሿን ነፋሱ ወስዶታል። ፀጉሯን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ጉልበቷ ላይ ተደፍታለች። ሸሚዜን አውልቄ ራሷ ላይ ጣል አደረግሁላት። «ሴቲቱስ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቢያንስ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምሁም። «አታለለኝ፤ ሴት አለች ብሎ ዋሸኝ፣ ላይ ላይም አይሆንም ብየው እምቢ አለኝ» አልኋት። «እስቲ ቆይ፣ አሳየዋለሁ» ብየም ተነሣሁ። ወደ ሰውየው ሄድሁ። ጀርባየን ለነፊሳ ሰጥቸ፣ እጄን እንደ ተቆጣ ሰው እያወናጨፍሁ፣ በእንግሊዝኛ አመሰገንሁት። መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚመልሰን ጠየቅሁት። እሱ ግራ ገብቶት እጄን አየ፣ ቀጥሎ «ባለቤትህ ደህና ናት? አስጨነቀችኝ» አለ። «ደህና ናት» አልሁት። ተመልሸ «ልክ ልኩን ነገርሁት» አልኋት። አመነችኝ። «አላህ ይፍረድበት» አለች።

ከዚያ ወዲህ ነፊሳ ያን ሰው ትረግማለች። ጮክ ብላ አይደለም፣ ከሶላት በኋላ ነው። ምንም ያላደረገ፣ ሁለት ጊዜ የጠየቀ፣ እጁን ከቀበቶው ላይ ያነሳ ሰው። እርግማኑ ግን መንገዱን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ እኔው አጠገቧ ተቀምጨ ነው የምሰማው። ከቤትም መውጣት ቀነሰች። ሠርግ እንኳ ገንዳ ውሃ ውስጥ ካልሆነ አትሄድም።

ይህ ብቻ ቢሆን በእኔና በእሷ መካከል ነው እል ነበር። ሰሚራ ልጃችን ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ ውጭ አገር ፋርማሲ በነፃ የመማር ዕድል አገኘች። ፓስፖርት አወጣን። ነፊሳ ግን እምቢ አለች። ልጅቱ ለመነች፣ አለቀሰች፣ አክስቷን ላከች። ነፊሳ መልሷ አንድ ነበር፦ «ሴት ልጅ አይሆንም ብላ የማትሰማበት አገር ልጄን አልሰድም። እኔ አይቸዋለሁ።» ያየችውን ግን ለማንም አልተናገረችም። ሰሚራ ወደ እኔ ዞረች። «አባየ፣ አንተ የውጭ ሰዎችን ታውቃቸዋለህ፤ እስቲ አንተ ንገራት» አለችኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ነፊሳ፣ ሰውየው እኮ ጠይቆ ነበር፣ ቃልሽን ያልነገርሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው። የባዕድ አገር በደል ሳይሆን የባልሽ በደል ነው ማለት። ልጄ አፌን አፌን ታያለች። «እናትሽ ያለችው ነው» አልሁ። ሰሚራ አሁን ደጃችን ላይ በከፈትናት ሱቅ ሳሙናና ዘይት ትሸጣለች። ወቅሳኝ አታውቅም። ባትወቅሰኝ ይሻላል ብየ ደስ ያለኝም ቀን አለ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

አሁን ከሱዳን የሸሹ ሴቶች ወደ ስደተኞች መመዝገቢያው ቢሮ ሲመጡ የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ። አንዷ «አልፈልግም በለው» ስትለኝ ቃሏን ሳላጎድል፣ ሁለቴ እየደጋገምሁ እናገራለሁ። ሰው ታማኝነት ይለዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በእኔ ቤት እስካሁን አልነጋም።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ነፊሳ ልብስ እያጣጠፈች «ኑሬ» አለችኝ፣ «ያን ሰውየ አውፍ ብየዋለሁ።»

የቱን ሰውየ ብየ አልጠየቅሁም።

«ስረግመው ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ደከመኝ። እሱስ ምን ያድርግ፣ ቋንቋየን አያውቅ። ከእኔ አፍ ቢሰማው ኖሮ ያዝንልኝ ነበር ይሆናል። አላህም አውፍ ይበለው።»

የምመኘው ይቅርታ መጣ፤ መጣና ለማያስፈልገው ሰው ተሰጠ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሰላም አግኝታለች፣ ሰላሟን አላፍርስባት አልሁ በልቤ። እሱም ውሸት ነው። ፈርቸ ነው። ነፊሳ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር ምን እንደማይ ፈርቸ ነው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ሐቁ የእናንተ አይደለም፣ የእሷ ነው፣ የልጄ ነው። ሰበብ አለው የሚል ካለም እኔ ቀድሜ ሰበቡን ሁሉ ፈልጌ ጨርሻለሁ፣ የለውም።

ነፊሳ የምታጥፈውን ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ለዱዓዋ መልስ እየጠበቀች ነበር።

«አሚን» አልሁ።